ለተከራየሁት ክፍል ትንሽ የጊታር አምፕ ይሻለኛል ወይስ ሞዴሊንግ ፔዳል?

ሌሊት ተረኛ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ሲሆን፣ ከጎረቤቴ የሚለየኝ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱ ባስነጠሰው ቁጥር «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ሥራዬ በፈረቃ ስለሆነ ጊታር የማነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። የቤቱ ባለቤት እማማ መልካም ሴት ናቸው፤ ሆኖም ባለፈው ወር ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ትልቅ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) አንድ ምሽት ብሞክር፣ በማግስቱ ቡና ጠርተውኝ «ልጄ፣ ያንን ነገር ቀን ቀን ብታደርገው ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጊታሩን ሳልሰካ፣ እንጨቱን ደረቴ ላይ አስጠግቼ በደረቁ እለማመዳለሁ።

ጊታሬ ሦስት ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክፍል) ያለው፣ የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው ነው። የምጫወተው በአብዛኛው ትዝታና ባቲ፣ አልፎ አልፎም ብሉዝ ሲሆን፣ ሄቪ ሜታል ሞክሬ አላውቅም፤ የመሞከር ሐሳብም የለኝም። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ ስለምትመጣ «ሻንጣ ውስጥ የሚገባ አንድ ዕቃ ብቻ ምረጥ» ብላኛለች። ስፒከር ካለው ትንሽ አምፕ፣ የአምፖችን ድምፅ አስመስሎ በሄድፎን ከሚያሰማ ሞዴሊንግ ፔዳል እና ጊታሩን ከላፕቶፕ ጋር ከሚያገናኝ ኦዲዮ ኢንተርፌስ የቱን እንደምመርጥ ግራ ገብቶኛል። አንድ ሻጭ «ከ20 ዋት በታች የሆነ ሁሉ የልጅ መጫወቻ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ይህ እውነት ነው? መብራት ሲጠፋ ልምምዴ እንዲቋረጥም አልፈልግም። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እሱን ተዉትና ስለ ዕቃዎቹ ጠባይ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

የድሮ ካሴት

ወንድሜ፣ ከሻጩ ቃል ልጀምር። ዋት የሚነግርህ አምፑ ለስፒከሩ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል ነው፤ ምን ያህል እንደሚጮህ በቀጥታ አይነግርህም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ሲሆን፣ ጆሯችን «አሁን እጥፍ ሆነ» ብሎ እንዲቀበል ግን ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ ስፒከራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አምፖች ቢቀርቡልህ፣ ባለ 50 ዋቱ ከባለ 5 ዋቱ የሚበልጠው በጆሮ ሲመዘን በእጥፍ ገደማ ነው። አልጋውም ቁም ሣጥኑም ምድጃውም በአንዲት ክፍል ባሉበት ቤት 3 ዋት ከበቂ በላይ ነው።

ከዋቱ ይልቅ መጠየቅ ያለበት፣ ድምፁን ዝቅ ስታደርገው ምን ይቀርልሃል የሚለው ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር ጆሯችን ቤዙን ከመካከለኛው ድምፅ ቀድሞ ያጣዋል። የተዋስከውን ትልቅ አምፕ እማማ እንዳይሰሙ ብለህ ከ1 በታች ስታደርገው ቀጭንና ደረቅ ሆኖብህ ከነበረ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቲዩብ አምፕማ (በድሮዎቹ የመስታወት ቲዩቦች የሚሠራው) ጭራሽ አይታሰብ፤ ቲዩብ ጣዕሙን የሚያወጣው ሲገፋ ስለሆነ፣ ባለ 5 ዋቱም ቢሆን እስኪጣፍጥ ድረስ ከፍ ካደረግከው ግቢው ሠርግ የተደገሰ ይመስለዋል።

እኔ ለረጅም ጊዜ የተጠቀምኩበት ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስ ነው። 3 ዋት ነው፣ ስፒከሩ 5 ኢንች ነው፣ ክብደቱም ከ3 ኪሎ በታች ነው። በስድስት ደብል ኤ የባትሪ ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት ድረስ ስለሚሠራ መብራት መጥፋቱን የማውቀው ክፍሉ ሲጨልም ብቻ ነው። በውስጡ ካሉት የአምፕ ዓይነቶች አንዱ ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣውን ጄሲ-120 የተባለ አምፕ የሚመስል ንጹሕ ድምፅ ነው፤ ከኮረሱ (አንዱን ጊታር እንደ ሁለት አድርጎ ከሚያወፍረው ማሳመሪያ) ጋር ሲደረግ፣ በካሴት ዘመን ያደግን ሰዎች ወዲያው የምናውቀው ጊታር ይወጣል። ቦስ ካታና ሚኒም ጥሩ ነው፤ 7 ዋት ሆኖ በስድስት ድንጋይ 7 ሰዓት ያህል ይሠራል። ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግም) አለው፣ ሪቨርብ (በሰፊ አዳራሽ ውስጥ የተጫወትክ የሚያስመስል) ግን የለውም፤ ለትዝታ ይህ ይጎድለዋል። ሁለቱም የሄድፎን ቀዳዳ አላቸው።

ሄድፎን ብቻውን ይበቃል ከሚሉ ግን አልስማማም። እኔ ሁለት ዓመት በሄድፎን ብቻ ተለማምጄ ከሰው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጥኩ ቀን፣ ከበሮው ሲጀምር የራሴን ጊታር የት እንዳለ አጣሁት፤ እጄ ለካ ከጆሮዬ ሁለት ጣት ርቀት ላይ ላለ ድምፅ ብቻ ነበር የሠለጠነው።

ባለ ላፕቶፑ

ከላይ የተሰጠውን መልስ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂው «የጭቃ ግድግዳ» ማለታቸው የተዘነጋ ይመስለኛል። በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ መካከል ባለው ክፍተት ሹክሹክታ እንኳ ያልፋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ 3 ዋትም ቢሆን ዝቅ ተደርጎ ለሚተኛ ሰው ይሰማል፤ በተለይ አንድን ሐረግ ሃያ ጊዜ የሚደጋግም ልምምድ ከሆነ፣ ጎረቤትን የሚያስመርረው የድምፁ መጠን ሳይሆን ድግግሞሹ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው ሞዴሊንግ ፔዳል ነው።

ሞዴሊንግ ማለት የአንድን አምፕ ጠባይ፣ ስፒከሩንና ማይክሮፎኑን ጨምሮ፣ በስሌት ማስመሰል ነው። ላይን 6 የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ፖድ የሚባለውን የአደንጓሬ ቅርጽ ያለው ቀይ ሣጥን ካወጣ ወዲህ ነገሩ ከስቱዲዮ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ዛሬ ዙም ጂ1 ፎር የሚባለው ፔዳል ከግማሽ ኪሎ በታች ክብደት ይዞ ኮረስ፣ ሪቨርብ፣ ዲሌይ፣ የጊታር መቃኛና አብሮ የሚመታ የከበሮ ምት ይሰጣል፤ በአራት ደብል ኤ ድንጋይም 18 ሰዓት ያህል ይሠራል። ለሻንጣም እንደ ጫማ ያህል እንኳ ቦታ አይወስድም። ከዚህም ያነሰ ከተፈለገ ቮክስ አምፕላግ የሚባለው ጊታሩ ላይ በቀጥታ ተሰክቶ በሁለት ቀጫጭን ድንጋይ የሚሠራ ነው፤ ግን አንድ ዕቃ ብቻ የሚመጣልዎ ከሆነ ዕድሉን በእሱ አይጨርሱት።

ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሄድፎኑ በሽቦ የሚሠራ ይሁን። ብሉቱዝ ሄድፎን ድምፁን 150 ሚሊሰከንድ ያህል ቢያዘገየው፣ ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከአምፕዎ 50 ሜትር ርቀው ቆመው እንደ መጫወት ይቆጠራል፤ ክሩን መትተው ድምፁን ይጠብቃሉ። ሁለተኛ፣ በፔዳሉ ውስጥ ያለው የስፒከር ማስመሰያ ለሄድፎንና ለቤት ሙዚቃ ስፒከር መከፈት፣ እውነተኛ የጊታር አምፕ ላይ ሲሰኩት ደግሞ መዘጋት አለበት። ይህን ያላወቀ ሰው ፔዳሉን አምፕ ላይ ሰክቶ «ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባ» እያለ ዕቃውን ይወቅሳል።

ስለ ኦዲዮ ኢንተርፌስ የምናገረው በየቀኑ የምጠቀምበት ስለሆነ ነው፤ ለእርስዎ ግን አልመክረውም። ኒውራል አምፕ ሞዴለር የተባለው ነፃ ፕሮግራም የሚሰጠው ድምፅ በእኔ ጆሮ ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል፤ በ48 ኪሎኸርዝ ላይ ባፈሩን (ላፕቶፑ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የድምፅ ቁራጭ) 128 ሳምፕል ካደረጉት አንዱ ባፈር የሚያዘገየው 2.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ መዘግየቱም እጅግ አያስቸግርም። ችግሩ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ላፕቶፕ ከፍቶ፣ ኬብል አገናኝቶ፣ ድራይቨር አስተካክሎ፣ ከዚያ ደግሞ ከመቶ ድምፅ ውስጥ አንዱን ሲመርጥ ሰዓቱ 5 መሆኑ ነው። እኔ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዓት ሙሉ አምፕ ስቀያይር ቆይቼ አንድም ዜማ ሳልጫወት ተኝቻለሁ።

ቮልት ለካ

ዋናውን ነገር ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው፤ ዕቃው የሚመጣው ከአሜሪካ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እህቴ ከዚያው ሀገር ባለ 15 ዋት አምፕ ይዛልኝ መጣች። ቤት ውስጥ ቡና እየተፈላ፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ «እስቲ አሰማን» ሲል፣ የመሰኪያው ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ እዚህ ግድግዳ ላይ እንደማይገባ አየሁና ከሱቅ የሶኬት መቀየሪያ ገዝቼ ሰካሁት። ጠቋሚዋ መብራት ከሚገባው በላይ ደምቃ በራች፣ ከውስጡ «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ወጣ፣ ወዲያው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ የዕጣኑን ሽታ አሸነፈው። ጀርባውን ገልብጬ ሳይ፣ በስንዴ ቅንጣት በሚያህል ፊደል 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። መቀየሪያው የሚቀይረው የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይደለም። ፊውዙን ብቀይረውም ወዲያው ሄደ፤ ትራንስፎርመሩ ነድዶ ነበር። ኩባንያውን አልወቅስም፤ የጻፈውን አላነበብኩለትም።

ስለዚህ የአክስትህን ልጅ ከመግዛቷ በፊት አንድ ነገር ለምናት፦ የዕቃውን ወይም የአዳፕተሩን ጀርባ ፎቶ አንሥታ ትላክልህ። መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ይሰካል። 120 ቮልት ብቻ ከሆነ ግን ወይ አዳፕተሩን እዚያው አስቀርተህ እዚህ ሀገር በ220 የሚሠራ ትፈልጋለህ፣ ወይ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ትገዛለህ፤ ትራንስፎርመሩ የሚመረጠው ዕቃው ከግድግዳ በሚስበው ዋት እንጂ ስፒከሩ በሚያወጣው ዋት አይደለም።

እዚህ አዳፕተር ስትፈልግ ደግሞ ቮልቱ 9 መሆኑ ብቻ አያኩራራህ። አብዛኞቹ የጊታር ፔዳሎች፣ ዙሙን ጨምሮ፣ የመሰኪያው መካከል ኔጋቲቭ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ በአዳፕተሩ ላይ ካለችው ትንሽ ሥዕል መካከለኛዋ ነጥብ ከመቀነስ ምልክቱ ጋር መገናኘት አለባት። የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ቀዳዳው ስለገባ ብቻ የተሰካበት ፔዳል በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሬሳ ሆኖ መጥቶ ያውቃል፤ የራውተሩ 12 ቮልት ነበር፣ መካከሉም ፖዘቲቭ። መብራት ሲጠፋም መሰኪያውን ንቀል፤ የሚጎዳው ሲጠፋ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ሌሊት ተረኛ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ቮልቱ ባይነገረኝ ኖሮ እኔም የሶኬት መቀየሪያ ገዝቼ ነበር የምጠብቃት። ሁለት ነገር ልጨምር። የተዋስኩት አምፕ ያንን ምሽት ሙሉ ያለማቋረጥ «እምምም» ይል ነበር፤ ክሮቹን በእጄ ስነካ ይቀንሳል፣ ስለቅ ይመለሳል። ጊታሬ ተበላሽቶ ይሆን? ሁለተኛው፣ የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው የሚናገረው አይሰማኝም። ባለ 3 ዋቱ አምፕ ይህን ይቋቋማል?

ቮልት ለካ

ጊታርህ ደኅና ነው። ሲንግል ኮይል ፒክአፕ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ስለሆነ፣ የክሩን እንቅስቃሴ እንደሚይዝ ሁሉ በአካባቢው ያለውን የመብራት መስመር ጉምጉምታም ይይዛል። ክሩን ስትነካ መቀነሱ የተለመደ ነው። በአጠገብህ ስታቢላይዘር አለ? ካለ ዋናው ጥፋተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ለፒክአፕ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ሁለት ሜትር ራቅ በልና ጊታሩን ይዘህ ቀስ እያልክ ዙር፤ ድምፁ የሚሞትበት አቅጣጫ ታገኛለህ። በባትሪ ድንጋይ ስትጫወት ደግሞ በመስመሩ በኩል የሚገባው ይቀራል፤ በአየር የሚመጣው ግን እንዳለ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አትናቅ። ክሩን ወይም የኬብሉን ብረት ስትነካ እጅህን ቢነዝርህ፣ ያ ጉምጉምታ ሳይሆን የመሬት ሽቦ አለመኖሩ ወይም የመስመር ስህተት ነውና ወዲያው ነቅለህ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥራ። በየግቢው የምናያቸው ብዙ አሮጌ ሶኬቶች የመሬት ሽቦ የላቸውም።

የድሮ ካሴት

ዝናቡ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። እኔም የምኖረው ሄርማታ በቆርቆሮ ሥር ነው፤ በሐምሌ ማታ ያ የማሞግሰው አምፕ አፉን ይከፍታል እንጂ አይሰማም፣ እኔም ሄድፎን እሰካለሁ። ጠያቂው የሚጫወትበት ሰዓት ማታ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ የሚመጣለትም ዕቃ አንድ ብቻ ከሆነ ባለ ላፕቶፑ ያለው ይሻላል፤ አምፑን በኋላ ከአዲስ አበባ ታስመጣለህ።

የቱንም ብትይዝ ለትዝታ የምጀምረው እንዲህ ነው። ንጹሕ አምፕ እመርጣለሁ፣ ጌይኑን (ድምፁ ምን ያህል እንደሚሻክር የሚወስነውን ቁልፍ) ወደ 9 ሰዓት አደርጋለሁ። እዚህ ላይ የፈረንጅ መመሪያ «9 ሰዓት» ሲል የጠቋሚውን አቅጣጫ ማለቱ እንደሆነ ልብ በል፤ እኛ ያንን ቦታ 3 ሰዓት ስለምንለው አንድ ተማሪዬ ጌይኑን በተቃራኒው በኩል አዙሮት ትዝታው እንደ መጋዝ ጮኸ። ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ከመካከል ትንሽ ዝቅ፣ ሪቨርቡን ከሩብ ሳይበልጥ፣ ዲሌዩን ወደ 350 ሚሊሰከንድ አድርጌ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመልስ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ሲመልስ የቀደመው ኖታ ከሚቀጥለው ጋር ይጣላል። ፒክአፑ የአንገቱ ይሁን። ክራር እንዲመስልልህ የፈለግህ ቀን ደግሞ ወደ ድልድዩ ተጠጋና የመዳፍህን ጠርዝ ክሩ ላይ በስሱ አሳርፈህ፣ ሪቨርቡን ዘግተህ ምታ።

በሄድፎን አምሮህ ያስቀመጥከውን ድምፅ በትልቅ ስፒከር ስታሰማ ቤዙ ሊገነፍል ይችላል። ዝቅ ባለ ድምፅ ስንሠራ፣ ከላይ ባልኩት ምክንያት፣ ቤዝ እየጨመርን ነው የምንሄደው፤ ስለዚህ ሰው ፊት ከመውጣትህ በፊት መልሰህ ቀንሰው።

ሌሊት ተረኛ (ጠያቂ)

ወስኛለሁ። ለአክስቴ ልጅ የፔዳሉን ስም ጽፌ ላክሁላት፤ አዳፕተሩን እዚያው እንድትተወውና በምትኩ ቻርጅ የሚደረግ ስምንት ደብል ኤ ድንጋይ ከነቻርጀሩ እንድታመጣ ነገርኳት፤ አራቱ ሲሠሩ አራቱ ይሞላሉ። የቻርጀሩንም ጀርባ ፎቶ አስነሥቼ አየሁት፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ሽቦ ያለው ሄድፎን ከድሮም አለኝ። ስታቢላይዘሩ በእርግጥ ከወንበሬ ሥር ነበር፤ ወደ በሩ አዛውሬዋለሁ።

እማማ ጉዳዩን ስነግራቸው «አሁንማ ደስ ይበልህ፣ ማታ ማታ ለራስህ» ካሉ በኋላ ጥቂት ቆይተው «ፋሲካ ዕለት ግን ሳታፍነው አሰማን» አሉኝ። እሳቸው ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገናኘ የሙዚቃ ስፒከር ስላለ፣ የፔዳሉን የስፒከር ማስመሰያ ክፍት አድርጌ፣ ቤዙንም ቀንሼ እዚያ ላይ እሰካለሁ። በአንድ በኩል ትልቅ፣ በሌላው በኩል ትንሽ ጃክ ያለውን ኬብል ቅዳሜ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወጥቼ እፈልጋለሁ፤ ካጣሁት እንደገና እጠይቃችኋለሁ።